ግራ እጅ

ስሙን ይርሳው ያለች እናቱ ምን ነካት፤
አንድ ነገር አይረሳ ስልሳ ስድስት ዓመት።
ከሽምብጥ ማዞሪያ ባጃጄን አስቁሞ፥
ሰማያዊ ደብተር ብብቱ ስር አጋድሞ፥
ጎንበስ ብሎ አየኝና
«አርባ አንድ!» አለኝ።
አራተኛ ለ፥ ከመስኮቱ ሥር፥
ሃያ ሦስት ዓመት የተኛ የስም መጥሪያ ቁጥር።

«ለቦርዱ ልወዳደር ነው፤ ደንገል በር አድርሰኝ፤
ሒሳቡ ስንት ነው? አስቀድመህ ንገረኝ።»

ጡረታ የወጣ ሰው
ጣና ዳር ተቀምጦ ጋዜጣ ቢያነብ ማን ከሰሰው?

ደብተሩ ውስጥ ያለው «ምረጡኝ» አይደለም፤
ጉድለት ነው የሞላው፥ በቀይ ቀለም፦
ስድስተኛ ሀ፥ አሥራ ዘጠኝ ዴስክ፥ ሰማንያ ሰባት ልጅ፤
የሴቶቹ ሽንት ቤት፥ ማጠፊያው አለ፥ በሩ የለም፤
ጣና ካጥሩ ሥር እየተንቦጫረቀ
ቧንቧው ከጥር ወዲህ እንደ ደረቀ።
በየደጁ እየቆመ ይህንኑ ያነባል፤
ግማሹ ያዛጋል፤
ግማሹ «አረፍ በል ጋሼ፥ ሻይ ጠጣ» ይላል።
አንዷ ብቻ፥ ቆሮሶ ስትሰነጥቅ የነበረች፥
በር ስለሌለው ክፍል ስትሰማ
ቢላዋዋን አስቀመጠች።

ሞላልኝ ሲሚንቶ ሻጭ ነው፤ በአይሱዙ ሞንታርቦ ጭኖ
«ግቢያችን የብረት በር ያገኛል!» ሲል ሰነበተ፥ ድምፁ እስኪዘጋ ተማምኖ።
እሱም የጋሼ ተማሪ ነው፤ አሥራ ሰባት ቁጥር፤
ሰባት ጊዜ ስምንት ሲባል ጣሪያ ጣሪያ የሚያይ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰሌዳው ከክፍል ወጣ፤
ማንጎው ግንድ ላይ ተደገፈ፤ የሰፈሩ ወላጅ መጣ።
እኔም ድምፅ አለኝ፤ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት።
ሞላልኝ፦ አምሳ ስምንት።
«ለጋሽ ይርሳው?»
እጅ ሲወጣ ቆጠርኩ፤ ሳሳብኝ፤ ደግሜ ቆጠርኩ።
ከፊቴ ጃንጥላ፥ ነጠላ፥ ትከሻ፤
ሁለቱንም እጄን አነሳሁ፥ ከረድፉ መጨረሻ።

ቆጣሪው ጣት ነው የሚቆጥር፤ የሰው ፊት አያይም፤
አምሳ ስምንት ለአምሳ ስምንት። ያስተዋለ የለም።
ጋሽ ይርሳው መነጽሩን ጠራርጎ አጠለቀ፤
እስከ ኋላው ረድፍ ፈለገ፥ አወቀ፤
«አርባ አንድ! አንዱን አውርድ።»

ልናገር፤ ግራኝ ነኝ።
ሌላው መምህር ሁሉ ይህን እጄን በማስመሪያ ጠብሶታል፤
እናቴ በመቀነት አስራዋለች፥ የማን እንደሆነ ተነግሯታል።
እሱ ግን አንድ ጠዋት ጽሕፈቴን ቆሞ አይቶ
ከዴስኩ ግራ ጫፍ አስቀመጠኝ፥
ክርኔ ማንንም እንዳይገፋ አመቻችቶ።
ሌላ አላለም።

ስለዚህ ቀኙን አወረድኩ።
ግራዬ ብቻዋን ቀረች፥ ግሪስ የነካት፥
አምሳ ሰባተኛዋ።
ጸሐፊው በእጅጌው አንዷን ሰረዝ አጠፋት።

የሳቀም ነበር። ሞላልኝ መጥቶ አቀፈው።
ጋሽ ይርሳው ዳስተሩን አነሳ፤
ልማድ ነው፤ ሰሌዳ ተጽፎበት ትቶ አይሄድም፤
ከላይ ወደ ታች ጠረገው።
ከዚያ ደብተሩን ከብብቱ አወጣና
ገጽ ገልጦ ለሞላልኝ ሰጠ፦
«በር አሠራለሁ ብለህ የለ? ይኸውልህ በር።
ቁመቱ ሁለት ሜትር፥ ወርዱ ሰማንያ፤
ከውስጥ መቀርቀሪያ ይኑረው።»
ያቺ የቆሮሶዋ ሴትዮ ከፊት ነበረች፤
ሞላልኝን እንጂ ደብተሩን አላየችም፤
«ሰምተናል» አለች።

ስንመለስ ነፋሱ የእምቦጭ ሽታ ያመጣል፤
ይቅርታ ልለው አፌን ከፍቼ ጡሩምባ ነፋሁ።
ሽምብጥ ስንደርስ «ኧረ ተወው ጋሼ!» አልኩ፤
«ስንት ነው?» አለ። «ሃያ» አልኩ።
ሁለት ባለ አሥር፥ አንዷ በፕላስተር የተለጠፈች፤
ቀኜን ስዘረጋ አለፈውና
ግራዬ ላይ አስቀመጠልኝ።