በስንደዶ ልክ

ኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ ላይ፣ በሐሩር፣
ገባሁ ጎንበስ ብዬ በሙሄ ቆርቆሮ በር።
የአልጋ ሽቦ፣ ራዲያተር፣ እግሩን ያጣ ወንበር፣
ከሁሉም ሥር፣ አፋቸውን ከፍተው፣
ሰባት የጋዝ በርነር።

«የየት ናቸው?» አልኩት።
ጫቱን ወደ ጉንጩ ጥግ ገፋ እያደረገ፣
«ያ ከሆቴል ወጥ ቤት፣ ይሄ ዳቦ ቤት የነበረ፣
ይሄኛውማ ወላሂ፣ ፋብሪካ ነው ያደገ!»
ከብረቱ ይልቅ ምላሱ የዛገ።

ስማቸው የለም። የተለጠፈው ሳህን
በሞረድ ተፍቋል፤ አንዱ ላይ ግማሽ ቁጥር፣
አንዱ ላይ የፊደል ጭራ።
ስም የተፋቀበት ነገር ለእኔ እንግዳ አይደለም፤
እናቴም ሐይቅ ገበያ ገንቦዋን ስትደረድር
በስሟ የጠራት አንድም ሰው አልነበረም።
«ሸክላ ሠሪዋ» ነበረች፤ ዞር ስትል ደግሞ ሌላ፣
ሕፃን የሚሸፍኑበት፣ ወተት የሚከድኑበት ስም።
እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ከነጠላዬ ጫፍ ቋጠሮዬን ፈታሁ፤
ሦስት ስንደዶ አለኝ፣ ቀጭን፣ ወፍራም፣ መካከለኛ፣
በየነሐሱ ጡት ቀዳዳ ተራ በተራ ከተትኩ።
ወፍራሙ ሰተት ብሎ ካለፈ፣ ለቡታጋዝ አይሆንም፤
ቀዳዳው ለሌላ፣ ለቀለለ ጋዝ የተበሳ ነው፣
በእኛ ሲሊንደር ሲነድ ምላሱ ቢጫ ነው፣
ሥራዬን ጥላሸት የሚያለብሰው።
ቀጭኑን እንኳ እንቢ ካለ፣ ያ የሻይ ቤት ምድጃ ነው፤
ውሃ ያስጮሃል እንጂ፣
ጭቃን ድንጋይ ማድረግ የት አባቱ ሊችለው።

ያ ፋብሪካ ያደገው፣ ጉሮሮ ሰፊው ጎረምሳ፣
ያለ ማራገቢያ አይተነፍስ፣ ያለ መብራት አይነሳ።
የሰፈሬን መብራት አውቀዋለሁ፤
እራት ሳይቀርብ ነው የሚተኛ። ተውኩት።

አራት ቀሩ።
የአንገታቸውን ቀለበት፣ አየር የሚለቀውን፣ የሚዘጋውን፣
በምራቄ አርሼ አዞርኩ፤
ዝገቱ ሲጮህ ሙሄ ጥርሱን ነከሰ።
ከዚያ አፌን ገጥሜ ነፋሁ።
ሦስቱ አንድ ድምፅ፣ የአንድ እናት ልጅ፤
አራተኛው ጉንፋን እንደያዘው ጎርነን አለ።
«አንቺ፣ ዋሽንት ነው የምትገዥ?»
«አይ ጋሽ ሙሄ፣ ወንድማማች ነው የምፈልገው፤
እቶን አራት ማዕዘን አለው፣ አንዱ ከሰነፈ
ያ ጥግ ጥሬ ነው።»
«አብሽሪ፣ ሲነዱ ይላመዳሉ» አለና
ባዳውንም ጨምሮ በሦስቱ ዋጋ ሰጠኝ።

በያጁ አሊጋዝ (ስሙ ውስጥ እንኳ ጋዝ አለበት)
ቧንቧውን ገጠመ፤ የኦሞ አረፋ ቀባን፤
አረፋው ካልፈላ፣ አልሾለከም።
ማታ ለኮስኩ። ሰማያዊ። ሰማያዊ። ሰማያዊ።
አንዱ ጥግ ላይ ግን ብርቱካን ቀለም ምላስ፣
ምከሩት ቢሉ የማይሰማ።

እቶኑ ሲከፈት፣ ከአርባ ጣባ ስድስቱ
ሆዳቸው ላይ ጥቁር ደመና ይዘው ወጡ፤
ልክ እናቴ በኩበት ስትተኩስ
ነፋሱ እንደሚያሸንፋት ጎን፣
ልክ በዚያ እድፍ፣ ከመቶ ገንቦ መካከል፣
የሷን ለይቼ እንደማነሳው።

ሰኞ ባቲ ወሰድኳቸው።
አንድ ሰው እድፉን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አርጎ፣
«ይሄ ምንድነው?» አለኝ።
«ስም ነው» አልኩት።
የማን ብሎ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅሁ።
ሉባባ ልለው አፌ ላይ አድርሼው ነበር።
«ታዲያ» አለኝ፣ «ይሄ ያለበት አይቀንስም?»