ከሳሽ

ቅዳሜ ገበያ፣ ከቅቤ ተራ ዳር፣
ሚዛን ፊት አረጀሁ ከኪሎ ብረት ጋር።
ገዢ ሁሉ በግራም ሲከራከረኝ፣
እኔን ግን አንድም ሰው ኪሎ አልጠየቀኝ።
«እንጓዳይ፣ ደላሽ! ፊትሽ ወዛ!» ይላል፤
ትከሻዬን መትቶ ደንበኛ ይስቃል።
ውፍረት በእኛ ሰፈር የጓዳ ምስክር፣
የጎተራው ሙላት በሥጋ ሲነገር።

ደብሪቱ እህቴ ግን ቀጭን ናት፣ እንደ እንዝርት፤
ጥጥ ዳምጣ፣ ፈትላ የምታድር ሴት፣
ሳሙና በር ካለች ጠባብ አንድ ክፍል ቤት።
ጣቷ ዓይን ነበረው፤ ከነጭ ክምር መሀል
አንዲት ፍሬ ብትቀር ሳያይ ይነቅላል።
«ዳምጪ» ትለኝ ነበር፣ እፍኝ ጥጥ ሰጥታ፤
«ጣቴ ወፍራም ነው» ብዬ እስቃለሁ ላፍታ።

አንድ ሌሊት ያ ጣት፣ ሥራ ሳያዙት፣
በገዛ ጡቷ ላይ ቆመ በድንገት።
«ፍሬ አለ» አለችኝ በማግስቱ መጥታ፣
ቅቤ ስመዝን፣ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ።
«ሥጋ የለሽ፣ ምን አለሽ? አጥንትሽ ነው» አልኳት፤
ሳቅሁባት፣ ደንበኛ ቆሞ እየሰማት።
ያቺን ሳቅ እስከ ዛሬ ከአፌ አላጠብኳት።

ሆስፒታል ወጣን፤ ቀጠሮ፣ ሰልፍ፣ ካርድ፣
አግዳሚ ወንበሩ የጥቅምት ብርድ።
ትሁኔ፣ ነርሷ፣ ፊልሙን ወደ መስኮት አንስታ፣
ቆየች፣ አየች፣ ደግሞ አየች ተጠግታ።
«ጡቷ ጥቅጥቅ ነው፤ ጥቅጥቅ ጡት ነጭ ነው፤
የምንፈልገውም ቢኖር ነጩን ነው፤
በነሐሴ ጉም ውስጥ ነጭ በግ ማለት ነው።»

«ምንም አይታይም» የሚል ወረቀት መጣ።
ደብሪቱ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።
«ወረቀቱ ዓይን ነው፤ እኔ ጣት ነኝ» አለች፤
«ጥጥን በማየት ማን ፍሬ ለቀመ?»
ከዚያ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ የመርፌ ጫፍ፤
ጣቷ ያለው ሆነ፣ ብዙ ቀን ሲያልፍ።

«አንቺስ? አንድ ማህፀን ነው ያበቀለን፤ ተነሽ!»
«እኔማ ደልዳላ ነኝ፣ ምን ሆኜ?» አልኩ፤
መሣሪያው አቀፈኝ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ።
የእኔ ፎቶ ጥቁር፣ ጨረቃ የሌላት ሌት፣
ከታች በስተግራ አንዲት ኮከብ ያለባት።
«ስብሽ አጋለጠው፤ ጨለማው በጀሽ፤
ካረጥሽ ወዲህ ግን ቀላቢውም ስብሽ።
መድኃኒቱን ጀምሪ፣ ኪሎውም ይቅለልሽ።»
ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ እኔ፣ ባለ ሚዛኗ!
ዘጠናን አለፈች፣ ተንቀጠቀጠች መርፌዋ።
መድኃኒቱም ለካ በኪሎ ይቀዳል፤
የቅቤ ነጋዴ ምን ብሎ ይከራከራል?

ዓመት ሙሉ ከቤቴ እስከ ቀሃ በእግሬ፣
ባጃጅ እያሳለፍኩ፣ ዳገቱን ቆጥሬ።
ቀሚሴ ሰፋኝ። ገበያው ዝም ብሎ
ያየኝ ጀመር፣ በዓይኑ መዝኖ፣ በዓይኑ ጥሎ።
«እንጓዳይ፣ ከሳሽ!» ይላል የቅቤው ተራ፤
«ከሳሽ!» ይላል በርበሬ ሻጩም በተራ።
ተከሳሿስ እኔ ነኝ፤ ከሳሼ ማነው?
የበላሁት ድግስ? የእናቴ ደም ነው?
ወይስ ያቺ ሳቄ፣ ያኔ የሳቅሁት፣
ምስክር ቆጥራ የመጣች ለፍርድ ቤት?

ደብሪቱ በጥር ሞተች።
ጉሙ ሲገለጥ በጉ ጉበቷ ደርሶ ነበር።
ቀጭን ነበረች፤ ማንም «ከሳሽ» አላላትም።
እኔ አለሁ። ለምን? ትሁኔም አታውቅም፤
ሰው በኪሎ ብቻ አይኖርም፣ አይሞትም።

የተረፈ ጥጧን በከረጢት ወረስኩ።
ቅዳሜ ማታ፣ ቅቤውን ከእጄ ታጥቤ፣
ጣቴን ከነጩ ውስጥ ቀስ አድርጌ አስገብቼ፣
እዳምጣለሁ ብዬ
አዳምጣለሁ።
ነጭ። ነጭ። ነጭ።
እዚህ ጋ —
ፍሬ።