ሲነሳ የሚረሳ

መብራት ሄዶ መጣ፣ ከሌሊቱ ስምንት።
ስልኬ ከትራስ ስር ጮኸብኝ ድንገት።
ጋሽ ወርዶፋ ናቸው፣ የፎቁ ዘበኛ፦
«ልጄ፣ ያ ሳጥንሽ ታመመ ዳግመኛ፤
ተነስቷል፣ ይነፋል፣ መብራቱም ቦግ ብሏል፤
ሰው ግን አይለይም። ምን ልበልሽ? ፈዟል።»

ሰባ ደረጃን በስልኬ ብርሃን እየቆጠርኩ ወረድኩ
(ሰባ ሞልቶልኝ አያውቅም፤ የቱ ላይ እንደምስት እንጃ)።
ፒያሳ ጨለማ ነው፤ አዲሱ መንገድ ላይ ብቻ
አምፖል ተደርድሯል፣ ለማንም ለማንም፤
አስፋልቱ ሰፊ፣ ሰው የለበትም።

ላቦራቶሪው አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ ካቆመ ቆይቷል።
ደም የተኛበት ፍሪጅ በባትሪ ያቃስታል።
ስክሪኑ ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ፤
ቁጭ ስል ወንበሩ አለ ቀጭ።
«አድራሻህ የት ነው?» ብዬ ጻፍኩለት።
አንድ መቶ ሃያ ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ።
ይህ ደግሞ አድራሻ አይባልም፤
«እኔ ራሴ ነኝ» ማለት ነው፤
በገዛ ጆሮው የሚያንሾካሹክ ሰው።

ገመዱ ተሰክቷል። የካርዱ አረንጓዴ ዓይን ይርገበገባል።
ሁሉም ደህና ነው፤ የት እንደሚኖር ብቻ ጠፍቶታል።
ምናሴ፣ ከእኔ በፊት የነበረው፣
በጣቱ ነበር የሚነግረው፤
መብራት በሄደ ቁጥር መጥቶ፣ አንድ መስመር ጽፎ፣
አድራሻውን በቃል አስጠንቶት ይሄድ ነበር አልፎ።
ፋይል ላይ አላሰፈረውም።
እሱም አንድ ቀን ወጣ፤ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።
«በቃል ያለ ይረሳል» አሉ ጋሽ ወርዶፋ፣ በሩን ተደግፈው፤
ቀሪውን ለኔ ተዉት።

የማስነሻውን ስክሪፕት ከፈትኩ።
ከታች፣ ከመሰላል ምልክት ኋላ፣ የምናሴን ድምፅ ሰማሁ፦
«ነገ ይስተካከላል።»
ቀን የለውም።
ከመሰላሉ ወዲያ ያለውን ማሽኑ ዘሎት ያልፋል፤
ለሰው ብቻ የተጻፈ ነው። ሰውስ መቼ ያነበዋል?

ሌላም ጥፋት አለ። የውጤት ቋቱ ይጣራል፣ ካርዱ ሳይነቃ፤
የሚመልስ ሲያጣ ተስፋ ይቆርጣል፣ በቃ።
«ጋሽ ወርዶፋ፣ ጠዋት ፎቁን ሲከፍቱ፣ ቀድሞ ምን ያደርጋሉ?»
«ቀድሞማ ውሻውን አስራለሁ።
ከዚያ የውስጥ ቁልፍ፣ ከዚያ የውጭ በር፣ ከዚያ ውሃ እለቃለሁ።
ነርሶቹን ከውሻው በፊት ባስገባ
ያን ቀን የሚመረመረው የነሱው ደም ነዋ!»

እንዳሉኝ ጻፍኩት። ካርዱ ይነሳ። አድራሻው ይሰጠው።
በሩ ይታወቅ፣ ወደ ውጭ የሚያስወጣው።
ስም ጠሪው ይከተል። ቋቱ መጨረሻ።
«አለቀ?»
«አለቀ። ፋይል ላይ ሰፈረ አድራሻ።»
«በአራት ቁጥር ብቻ?»
«በአራት ቁጥር።»
ሳቁ።

«የኔ ቤት ከጫማ አዳሹ ጎን ነበር፣ ከቀዩ ቆርቆሮ ጀርባ፣ ዶሮ ማነቂያ።
ጫማ አዳሹ ሄደ፣ ቆርቆሮው ሄደ፤ ለኔም ብሎክና ቁጥር ሰጡኝ፣ ወዲያ።
ጥሩ ቤት ነው። ውሃ አለው።
ግን ሌሊት ከእንቅልፌ ስነሳ፣ እግሬ ገና ሳይሞቅ፣
በግራ በኩል በር ይፈልጋል።
በግራ ግድግዳ ነው።
ሁለት ጊዜ ግንባሬን መታሁ፤ ለልጆቼ አልነገርኩም።»

እኔም ምንም አላልኩም።
ሥራ የሚታመነው አጥፍቶ በማስነሳት ነውና
አጠፋሁት። ማራገቢያው ቆመ።
ሁለታችንም ትንፋሽ ያዝን፤ ፍሪጁ ብቻ አቃሰተ።
ከዚያ መስመር በመስመር፦ እሺ። እሺ። እሺ።
ጥግ ያለው ፕሪንተር ጉሮሮውን ጠርጎ
ከማታ የዘገየ የአንዲት ሴት ሄሞግሎቢን አወጣ፤
ወረቀቱ ሞቅ ይላል።

ከጊዮርጊስ በኩል ደወል ሲሰማ
ፋይሉን ልዘጋ ስል ተመለስኩ።
«ነገ ይስተካከላል»ን አልሰረዝኩም።
ከሥሩ፣ ሌላ መሰላል አቁሜ፣
ማሽኑ የማያነበውን አንድ መስመር ጨመርኩ፦
በሩ በቀኝ ነው፣ ጋሽ ወርዶፋ።