በሥዕሉ እንደምታዩት

«በሥዕሉ እንደምታዩት» ትላለች መምህርት አሰገደች፣
ትንሽ ታስላለች፣ ወረቀት ትገልጣለች፣ ትቀጥላለች።
እኔ ግን ሥዕል አላይም፤
ስልኬ ባለ ቁልፍ ነው፣ የክብሪት ቤት የምታህል መስኮቱ ፊደል እንጂ አታሳይም።
ድምፅ ብቻ ነው ያለኝ፣ ድምፅም በከፊል፣
አንድ ጆሮው በሞተ ማዳመጫ የሚንጠባጠብ ቃል።

ረዳት ነኝ በአይሱዙ፤ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት፣
ቁልቁል ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ሽቅብ ከሙቀት ወደ ውርጭ ቤት።
አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ሁለት ነጥብ ጎድሎኝ ቀረሁ፤
የኮምፒውተርን ትምህርት በጆሮዬ ጀመርሁ።
አንድ የሠፈር ልጅ ነው ከዩኒቨርሲቲው ቀድቶ ያመጣልኝ፣
ሠላሳ አንድ ፋይል፤ «ሥዕሉ ግን አልተገኘም» ብሎ የሰጠኝ።

ስታክን ስታስረዳ፦ «ሳህን በሳህን ላይ መደርደር፤
ኋላ የተቀመጠው ቀድሞ ይነሣል፤ የፊተኛው ታች ይደር።»
ሳህኑን ተውሁት። የእኔ ሥዕል ሌላ ነበር፦
የሸዋ ሮቢት ባቄላ መጀመሪያ፣ ከካቢናው ሥር፣
የአርማኒያ ገብስ መሐል፣ የደብረ ሲና ቆርቆሮ ከኋላው በር።
አንድ ቀን ገልብጬ ጫንሁት፤
ሠላሳ ኩንታል በዝናብ አውርጄ፣ ሠላሳውን መልሼ አወጣሁት።
ጋሽ እንግዳሸት ቆሞ ሳቀ፣ የደብረ ሲና ቆሎ እየቆረጠመ፤
ከዚያ ወዲህ ስታክ ሲባል ወገቤ ቀድሞ ታመመ።

ሪከርሽን ግን አቃተኝ። ፋይል አሥራ ዘጠኝ።
«ራሱን የሚጠራ ሥራ» አለች፤ ደገምኋት፣ ደገመችልኝ።
«በሥዕሉ እንደምታዩት፣ ቀስቶቹ ወርደው ይመለሳሉ።»
የት ወርደው? ከየት ይመለሳሉ? ቀስቶቹስ የታሉ?
ባዶ ቤት ገብቶ የገዛ ስሙን እንደሚጣራ ሰው፣
ሳምንት ሙሉ ዞርሁበት፣ አንድ እንኳ አቤት ላይለው።

ሐምሌ ነው። ጣርማበር ላይ ጉሙ መንገዱን በላው።
ዋሻው አፍ ላይ ተሳቢ ታጥፎ ሰልፉ ቆመ፤ ማን ይፍታው?
ከፊታችን ያለው ሲኖትራክ ቀይ ነጥብ ብቻ ቀረው።
ጋሽ እንግዳሸት፣ ከአራተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር ያልነካው፣
«ሂድ ቁጠር» አላለኝም፤ መስኮቱን ዝቅ አደረገው፦
«አንተ! ከፊትህ ስንት አለ? ካላወቅህ የፊቱን ጠይቅ፤
እሱም ካላወቀ የፊቱን፤ ሲነግሩህ አንድ ጨምረህ አሳውቅ!»

ጥያቄው ጉሙ ውስጥ ገባ፤ ከበር ወደ በር ሲሄድ ሰማሁ፤
«ስንት አለ? . . . ስንት አለ? . . .» እየቀጠነ ጠፋ፤ ጠበቅሁ።
አልተመለሰም።
ሩብ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት። መልስ የሚባል የለም።
ወረድሁ። በር እየዳሰስሁ፣ ጭቃ እያቦካሁ ቆጠርሁ፤
ዘጠነኛው ላይ፣ ነዳጅ ቦቴ ውስጥ፣ ሾፌሩን ተኝቶ አገኘሁ፤
ጋቢው እስከ አፍንጫው፣ ጥያቄው ደጁ ላይ ቆሞ፣
ከኋላው ስምንት ሾፌር ነቅቶ፣ የእሱን ቃል ሲጠብቅ ከርሞ።

መስታወቱን ደበደብሁ። «ምንድን ነው?» «ከፊትህ ስንት አለ?»
ዐይኑን አሻሸ፣ አንገቱን አወጣ፣ ወደ ፊት ጮኾ «ስንት አለ?» አለ።
እንደገና ሄደ፣ ቀጠነ። ከዚያ ከሩቅ አንድ ወፍራም ድምፅ፦
«ከፊቴ ማንም የለም! ዜሮ!»
እግሬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፣ ልቤ ዘለለ ከጆሮ።
«አንድ» አለ ሁለተኛው፤ «ሁለት»፤ ቁጥሩ በጉም ውስጥ እያደገ፣
በየበሩ አንድ እየጎረሰ፣ የጠየቀውን ሰው እየፈለገ።
ቦቴው ዘንድ ሃያ ስድስት፤ ከቁጥሩ ጋር ሽቅድምድም ሮጥሁ፤
ጋሽ እንግዳሸት «ሠላሳ አምስት» ብሎ ሞተሩን ሲያጠፋ ደረስሁ።

ባትሪዬ አንድ ጭረት ቀርቶታል። አሥራ ዘጠኝን ከፈትሁት።
አሳላት። ወረቀት ገለጠች። «በሥዕሉ እንደምታዩት . . .»
«አየሁ» አልሁ ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ።
ጋሽ እንግዳሸት ዞረ፦ «ምን ትልሃለች፣ ልጄ?»
«አንተ ቅድም ያልኸውን።»
ቆሎውን ማኘክ አቆመ፣ ጠረገ የመስኮቱን ጉም፤
«ታዲያ» አለ ቆይቶ፣ «ማን ነገራት? እዚህ አልነበረችም።»