አትቸኩዪ አለች

ጥር ነው ቶሪኖ፤ ፖ ወንዝ ጉም ለብሷል፣
የጫማዬ ገበር በበረዶ ርሷል።
ለመሞቅ ብገባ ከኦርሶላ የሽቶ ሱቅ፣
ከእጄ አንጓ ላይ ረጨች ጠብታ የሚያህል ሳቅ።
«አትቸኩዪ» አለች፤ «ሲጀምር ይዋሻል፣
ታገሺው፣ ሲመሽ እውነቱን ይነግርሻል።»

ትራም ላይ ስሳፈር ስኳሩ ጮኸብኝ፤
አንድ ልጅ አፍንጫውን ከእጅጌዬ አስጠግቶ «ኬክ አለሽ?» አለኝ።
እናቱ ቀላች። እኔም ቀላሁ፤
በአርባ ሰባት ዓመቴ የልደት ኬክ ሆኜ ቁጭ አልሁ።

ቀትር ላይ ረገበ። መጣ የተቆላ ለውዝ፣
መጣ ያረረ ካራሜል፣ ምሬት የያዘ ጠርዝ፤
እንደ ሰው፣ ጣፋጭነቱን ትንሽ ሲያፍርበት
ነው መሰል የሚወደድበት።

ማታ፣ የሰው ጥርስ ስሞላ ውዬ ጓንቴን ሳወልቅ፣
ስኳሩ ሄዷል፤ ቫኒላው እንጨት ሆኗል፣ ደረቅ፣
ከሥሩ ጨው፣ ከጨውም ሥር ቆዳ፤
የማን እንደሆነ ጠፍቶኝ፣ እንደ እንግዳ
አሸተትሁት ደጋግሜ።

የእኔው ነው።
ለካ እንዲህ ነኝ፣ ደክሜ።