ማን ሞቶ ነው?

አያ ልየው ዶማ ከተሸከመ
አንዱ ሰው አርፏል፣ ወይ በጠና ታመመ።
ይህ ነው ልማዱ በተምጫ ዳር አገር፤
እሱ መሬት ሲምስ፣ እኛ ነን የምንሰበር።

ስለዚህ ማክሰኞ፣ ገና ጤዛው ሳይረግፍ፣
ከጓሮው ሲቆፍር፣ አፈር ሲዝቅ፣ ሲገፍፍ፣
ያየች ጎረቤት ነጠላ አዘቅዝቃ
“ማን ሞቶ ነው?” አለች፣ ካጥሩ ላይ ተጣብቃ።
ለቅሶ እንደ ሰደድ ነው፣ ምክንያት አይጠይቅም፤
አንዷ ከጀመረች ሌላዋ አትጠብቅም።
የዕድሩ ጥሩምባ ከሾላው ሥር ተነፋ፤
እኔም ቁርሴን ትቼ ሮጥኩ ይዤ አካፋ።

ደረስን። ልየው ጉድጓዱ ውስጥ ወርዷል፤
አፈር የለበሰ አናት ብቻ ቀርቷል።
“የማን ነው?” አልነው። ቀና አለና አየን፤
ላቡን ጠራረገ፣ ትንሽም አቆየን።
“የኔ ነው” አለን። “የኔ፣ የሚስቴ፣ የልጄ፤
ሽንት ቤት ነው፤ አግዙኝ፣ ዝሏል ሁለት እጄ።”

ሳቅን። ሳቅ ነው እንግዲህ፣ ምን ያደርጉታል፤
እንባ ሳይደርቅ ሲስቁ ጉንጭን ያሳክካል።
ማታ ጠላ ቤት ስም ወጣለት፦ “ደጃች ጉድጓዱ”፤
እሱ ግን ቆፈረ፤ አልተነካም ሆዱ።

ነገሩ የተነሣው እሑድ ከቅዳሴ
በኋላ ነው፤ መጣች የጤናዋ አዲሴ።
አልሰበከችንም፣ አልተቆጣችንም፤
ወረቀትም የላት፣ ሥዕልም አልያዘችም።
አመድ በቁና ይዛ አውድማው ላይ በተነች፤
“ይህ መንደራችን ነው፤ ይኸ ምንጩ” አለች።
“እናንተ አስቀምጡ፣ በቆሎ አንድ አንድ ፍሬ፣
ማን የት እንደሚወጣ፣ ከትናንት እስከ ዛሬ።”

ዝም አልን። መሪጌታው ሳሉ። አንድ ልጅ ቀረብ
አለና ጣለ አንዲት፣ ከምንጩ አጠገብ።
ሌላው ቀጠለ። ሌላው። እንደ በረዶ ጠብ፣ ጠብ…
አመዱ ቢጫ ሆነ፤ ቁልቁለቱን ይዞ
ምንጩ አፍ ላይ ደረሰ ፍሬው ተጓጉዞ።

ሴቶቹ አልጣሉም፤ ፍሬው በመዳፋቸው።
“እኛ መቼ ቀን አለን” አለች አንዲቷ ስለ ሁላቸው፤
“ጀምበር እስክትጠልቅ ይዘን፣ ቋጥረን እንውላለን፤
ጅቡ ሲወጣ ነው እኛም የምንወጣው፣ አብረን።”

አዲሴ ምንም ሳትል ውኃ ቀዳች በጣሳ
ከምንጩ። “ማን ይጠጣ?” እጁን ማንም አላነሣ።

ልየው ግን ዳር ቆሞ በጣቱ ይቆጥር ነበር፤
እኛ ፍሬ መስሎን። እሱ የቆጠረው መቃብር፦
ሐምሌ ላይ ሦስት፣ ነሐሴ ሁለት፣ የሚያንሱ ከክንድ፤
ሆዳቸው አልያዝ ብሎ ያለቁ፣ እንደ ውኃ ሲወርድ።
ለአዋቂ ጉድጓድ ቀን ይፈጃል፣ ለሕፃን ግን ግማሽ ሰዓት፤
“መቅለሉ ነው” አለኝ ኋላ፣ “የዚህ ሥራ ክብደት።”

በሳምንቱ ደቦ ወጣን፤ ባሕር ዛፍ ለርብራብ፣
የዩሪያ ጆንያ ለበሩ፣ ክዳን ሣር ለዝናብ፤
የደምበጫ ጀሪካን፣ ጎኗ በስክሪብቶ ቀፎ ተበስታ፣
አመድ በቆርቆሮ፤ ዝንብ የሚያፍርበት ቦታ።
እማማ ስንዱም መጡ፣ ወረንጦ ባንገታቸው፣
ሽፋሽፍት እየወጋ የጨለመ ዐይናቸው፤
“ለኔስ መሽቷል” አሉ፣ “ልጆቹን ከዝንብ ጋርዱልኝ”፤
ጭድ እያቀበሉን ዋሉ፤ “እግሬ ብቻ አይስነፍብኝ።”

ሁሉ አልሰመረም፤ ልዋሽ አልችልም፤
ክረምቱ የመሪጌታውን ናደው፤ እስከ መስቀል ዳግም
አልቆፈሩም። የዋለ ዶሮ ያንዱ ጉድጓድ ገባችበት፤
ነገር ሆነ፤ ሽማግሌ ሦስት እሑድ ተቀመጠበት።
ግን ከጓሮ ወደ ሸለቆው የወረደችው ቀጭን ዱካ
ሣር ውጧታል፤ ጥጃ ካልሆነ የሰው እግር አይነካ።

ዘንድሮ ሐምሌና ነሐሴ ዶማው ማገር ላይ ከረመ፤
አንዴ ብቻ ወረደ፤ አንድ የዘጠና ዓመት ሰው ደከመ።
መንገድ ላይ አገኘሁት። “ማን ሞቶ ነው?” አልኩ ለቀልድ፤
“ማንም” አለኝ። “ያንተ በር ግን ይታያል ከመንገድ።”

እውነቱን ነው። ጆንያዬን ነፋስ ከወሰደው ሰነበተ፤
ሚስቴ በነጠላዋ ትጋርዳለች፤ እኔ “ነገ” እያልኩ
ስንት ነገ ሞተ።