የማሽኔ ትንፋሽ

ኩማጋያ በነሐሴ፣ አርባ ሲደፍን ሙቀቱ፣
ቁራው አፉን ከፍቶ ይቆማል፤ ጫማ ይይዛል አስፋልቱ።
እኔ ግን በሬን ዘግቼ፣
ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ጎትቼ፣
በነሐሴ እንቀጠቀጣለሁ፤ ፈቅጄ፣ ከፍዬ፣ ሸምቼ።

ከታች አሮጊቷ ኪኑዬ፣ ሰማንያ ሦስት ዕድሜያቸው፣
ማቀዝቀዣ የላቸውም፤ ሐረግ ነው መጋረጃቸው።
ግንቦት ላይ መራራ ዱባ በባልዲ አፈር ዘርተው፣
የገላቸውን እጣቢ ያጠጡታል፣ ማታ በጣሳ ቀድተው።

«ዓለሙን ሊያቀዘቅዙት ነው?» አልኩ ደረጃ ላይ በቀልድ።
«ዓለሙንስ እንጃ ልጄ፤ ሻይ የምጠጣባት አንዲት ክንድ
ጥላ ትበቃኛለች» አሉኝ።

ትናንት ልብስ ላሰጣ ወጥቼ፣ ከበረንዳዬ ቁልቁል ሳይ፣
ሥሩ ለምልሟል፤ ጫፉ ግን፣ የተንጠራራው ወደ ላይ፣
እንደ ትንባሆ ደርቋል።
ፀሐይ መስሎኝ ነበር፤ ከማሽኔ ጀርባ መዳፌን ደገንኩ፤
እሳት ነው። ደነገጥኩ።
ለካ የእኔ ብርድ ልብስ፣ የእኔ የነሐሴ ቆፈን፣
በጋውን ሙሉ ሲተፋ ከርሟል ወላፈን
በአሮጊቷ ሐረግ ላይ።

ይቅርታ ልል ወርጄ በራቸው ላይ ቃል ጠፋኝ፤
ሁለት መራራ ዱባ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ፤
«ስስ አድርገህ ክተፈው፣ በጨው እሸው» አሉ፤
ስለ ደረቀው ጫፍ ምንም አላሉ።
መረረኝ። በላሁት።

ዛሬ ማሽኑ ጠፍቷል፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤
ጀግና አይደለሁም፤ እኩለ ሌሊት ላይ መልሼ እከፍተው ይሆናል።
ገመድ ግን ከበረንዳዬ ቁልቁል ለቅቄያለሁ፤
ጫፉ ካገገመ ይውጣ፤
አልተኛሁም፤ እጠብቃለሁ።